መብራት ሲመለስ የሚመጣው ቁጥር

ወደ መካነ ሰላም የተመለስኩት ለአንድ ወር ብዬ ነበር። አባቴ ስኳር ካገኛቸው ቆይቷል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን መርፌያቸውን አንድ ቀን ይወጋሉ፣ አንድ ቀን ይተዋሉ። ስደውልላቸው "ደኅና ነኝ፣ አብሽሪ" ይሉና ስለ ዝናቡ ያወሩኛል። እውነቱን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። አለቃዬ ከቤት ሆኜ እንድሠራ ፈቀደልኝ፤ ላፕቶፔንና አንድ ካርቶን ሙሉ ሽቦና መለኪያ ይዤ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ደሴ አድሬ በማግስቱ በአቀስታ በኩል ገባሁ።

መቀመጥ አይሆንልኝም። አዲስ አበባ ሳለሁ ይህ ጠባዬ አይታወቅም ነበር፤ እዚያ ሁሉም ሰው ይሮጣል። መካነ ሰላም ላይ ግን መብራት ሲጠፋ መጠበቅ ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ከበር እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ እስከ በር እመላለሳለሁ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዓይናቸው ይከተሉኛል። "ልጄ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ" ይሉኛል። እሳቸው መጠበቅ ያውቃሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በደሴ መስመር አውቶቡስ የነዱ ናቸው፤ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና ላይ ተቀምጠው ያደሩበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ቀን "ልጅዎ ሥራዋ ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?" አሉኝ።

"ድራይቨር ትጽፋለች ይበሏቸው።"

"ሾፌር ይጻፋል እንዴ?" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ድራይቨር ሆኜ ማንም አልጻፈኝም" አሉና ራሳቸው በራሳቸው ሳቁ።

አስረዳኋቸው። ኮምፒውተር ከእሱ ጋር የተያያዘውን መሣሪያ በራሱ አያውቀውም። ማተሚያ ይሁን ካሜራ ወይም መለኪያ፣ ቋንቋውን አውቆ የሚያናግርለት ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ድራይቨር የምንለው ያንን ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች መሣሪያውን በቀጥታ አይነኩትም፤ ድራይቨሩን ይጠይቁታል። እንዴት እንደሚጠየቅና ምን ብሎ እንደሚመልስ መወሰን፣ ከዚያም ሌላ ሰው አንብቦ ፕሮግራሙን መሥራት እንዲችል አድርጎ መጻፍ፣ እንጀራዬ ይኼ ነው። አባቴ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ታዲያ አንቺ ረዳት ነሽ በይኛ። በሩ ላይ ቆሞ ለተሳፋሪው መልስ የሚሰጥ" አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሲጠይቃቸው "ልጄ የኮምፒውተር ረዳት ናት" ማለት ጀመሩ። አላረምኳቸውም።

የአባቴን ኢንሱሊን የማመጣው ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ የእናቴ እኩያ የሆኑ፣ ቁጡም ሩኅሩኅም ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ብልቃጡን ሊሰጡኝ ከፍሪጅ አወጡና በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

"ትናንት መብራት ጠፍቶ ነው የዋለው" አሉ። "የፍሪጁ መስታወት መለኪያ አሁን ልክ ነው ይላል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደነበረ ግን የሚነግረኝ የለም።"

"ተበላሽቶ ከሆነ አይታወቅም፣ እትዬ?"

"አይታወቅም። ይኸው እንደምታይው ጥሩ ውኃ ነው የሚመስለው።"

ቤት ወስጄ ብልቃጡን መስኮቱ ላይ አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። እውነትም ጥሩ ውኃ ነው የሚመስለው። አባቴን ከወጋኋቸው በኋላ ቀኑን ሙሉ ፊት ፊታቸውን ሳይ ዋልኩ። በማግስቱ ካርቶኑን ከፈትኩት።

ከሥራ የተረፈች መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ነበረችኝ። ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ ሙቀት የሚለካ፣ ጫፉ ብረት የሆነ ሽቦም ነበረኝ። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ሰዓታት የሚያቆያት ባትሪ ጨመርኩላት። ድራይቨሩን እኔ እሠራዋለሁ፤ ፕሮግራሞቹን የሚጽፍ ሰው ግን አስፈለገኝ። ኃላፊዋ ናቸው ያገናኙኝ፤ እዚሁ ከተማ ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ የአቀስታ ሰው። እናቱ ከዚያው ጤና ጣቢያ የስኳር መድኃኒት ስለምትወስድ ነገሩን ሳልጨርስለት ነው የገባው።

"ቢስሚላህ እንበልና እንጀምር" አለ። "አንዱ ፕሮግራም ሙቀቱን ስክሪን ላይ ያሳያል። አንዱ ሙቀቱ ከስምንት ዲግሪ ሲያልፍ ይጮኻል። ሦስተኛው ኔትወርክ ካለ መልእክት ይልካል። አንቺ ቁጥሩን ብቻ ስጪኝ።"

ጠባችን የጀመረው "ቁጥሩን ብቻ ስጪኝ" ካለው ላይ ነው።

ቢሮው ጠባብና ብርዳም ነበር፤ ኮታችንን ሳናወልቅ ነበር የምንሠራው። እሱ የፈለገው ቀላል ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ በጠየቀ ቁጥር ድራይቨሩ አንድ ቁጥር ይስጥ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ "ሽቦው ቢነቀልስ? ፍሪጁን ሲያጸዱ ቢቆረጥስ?" አልኩት።

"የመጨረሻውን ቁጥር ደግመሽ ትሰጪኛለሻ።"

"ሽቦው ከተነቀለ ሦስት ቀን ቢሆነውስ? ስክሪኑ አራት ዲግሪ እያለ ፍሪጁ ይቀቀላል።"

"እሺ፣ አላውቅም የሚል መልስ ስትሰጪኝ እኔ ስክሪኑ ላይ ምን ልጻፍ? ስህተት ብዬ? ወላሂ በሳምንቱ ነቅለው ይጥሉታል። ሰው ስህተት የሚል ነገር አይወድም።"

እሱም ልክ ነበር። ተነሥቼ መመላለስ ጀመርኩ፤ ቢሮው ግን ለመመላለስ አይበቃም፤ ወንበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናክያለሁ። እሱ ሳቁን አፍኖ ተቀምጧል። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ድራይቨሩ ቁጥሩን ብቻውን አይሰጥም፣ መቼ እንደተለካ ጨምሮ ይሰጣል። ሽቦው ከተነቀለ ደግሞ ቁጥር የሚባል ነገር አይሰጥም፤ "መለኪያው አልተገኘም" የሚል፣ ከሌላ መልስ ጋር የማይምታታ መልስ ይመልሳል። እሱም ያንን ሲያገኝ ስክሪኑ ላይ "ሽቦውን ይመልከቱ" ብሎ ይጽፋል። ስህተት የሚለውን ቃል ላይጠቀም ማለ።

ቀጥሎ መጻፉ መጣ። በሥራዬ እንዲህ ያለ ሰነድ በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው፤ ይኸኛውን ግን ኃላፊዋም የወረዳው ባለሙያም እንዲያነቡት በአማርኛ ልጻፍ አልኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተገተርኩ። በእንግሊዝኛ "ክፈት፣ አንብብ፣ ዝጋ" ስትል አንባቢው ማን እንደሆነ አያስጨንቅህም። በአማርኛ ግን አንዲት ትእዛዝ ለመጻፍ ሰውየውን ማወቅ አለብህ። ክፈት ልበል ክፈቺ? "ክፈት" ብዬ ጻፍኩና ከኮሌጁ ተማሪዎች ግማሾቹ ሴቶች መሆናቸው ትዝ አለኝ፤ ራሴም ሴት ነኝ። "ይከፈታል" ስል ማን እንደሚከፍተው ጠፋ፤ መሣሪያው በራሱ የሚከፈት መሰለ። መምህሩ በትከሻዬ በኩል አነበበና፣ "አሁን ይኼ ለማን ነው የተጻፈው? ለሊቀ መንበር?" አለኝ። በመጨረሻ "ይክፈቱ፣ ያንብቡ፣ ይዝጉ" ላይ አረፍኩ። ለማላውቀው ሰው ስጽፍ በዕድሜ እንደሚበልጠኝ ቆጥሬ መጻፍ ይሻለኛል ብዬ።

ከዚያ ብዕሬ ተፍታታ። መሣሪያውን ለመጠቀም መጀመሪያ ይክፈቱ። አንድ ፕሮግራም ከፍቶት ሳለ ሌላ ፕሮግራም ማንበብ ይችላል፤ ቅንብሩን መቀየር ግን አይችልም። ሲያነቡ አዲስ ልኬት እስኪደርስ ይጠብቁ። ሽቦው ከተነቀለ ይህን መልስ ያገኛሉ፤ እንደገና ሲሰካ መዝጋትና መክፈት አያስፈልግዎትም። እያንዳንዱን መስመር ከጻፍኩ በኋላ መምህሩን ብቻውን አስቀምጬ ከሰነዱ እያነበበ ፕሮግራሙን እንዲጽፍ አደረግሁት፤ እኔን መጠየቅ ክልክል ነው። ሲያስነጥስ እንኳ ያልገባው ነገር ያለ እየመሰለኝ ብድግ እል ነበር። ዕቃውን ጤና ጣቢያው ውስጥ ስንተክል ኃላፊዋ ስክሪኑን በጨርቅ ጠርገው፣ "መርሐባ፣ እንግዲህ ሥራህን ሥራ" አሉት፤ እንደ አዲስ ሠራተኛ።

ጥቂት ሳምንታት እንደሄደ የአባቴ እግር ታመመ። ጫማቸው የላጠው ትንሽ ቁስል ነበር፤ ደብቀውኝ ጠቆረ። ጤና ጣቢያው "ዛሬውኑ ደሴ" አለ። ያን ሰሞን ስልክም ኢንተርኔትም በአካባቢው ተቋርጦ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስም የሚያውቅ አልነበረም። ለመምህሩ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

"ሂጂ" አለኝ። "ሰነዱ አለ አይደል? አንቺ ራስሽ አይደለሽ እኔን አትጠይቀኝ ያልሽው?"

በመንገዱ ላይ አባቴ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው ማርሽ አለዋወጡን እየሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። እግራቸው ይሁን ማርሹ ያሳመማቸው ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። የለጋምቦ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እኔ እጄን የማስቀምጥበት አጥቼ ነበር።

ደሴ ሐኪሙ አይቶ ሁለት ጣቶቻቸው መቆረጥ እንዳለባቸው ነገረን። አባቴ "እሺ" አሉ፣ ወዲያው። እኔ ነኝ መልሼ መልሼ የጠየቅኩት። ቀጠሮ እስኪደርስ አልጋ ተሰጣቸው፤ እኔ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ መመላለስ ጀመርኩ። አንዲት ነርስ "እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እዚያ ኮሪደር ላይ ሳለሁ መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ተመለሰ፤ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ነው የተነሣው። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አንድ ያልጻፍኩት ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ።

ያ የሙቀት መለኪያ አንድ ጠባይ አለው። ኃይል ካጣ በኋላ እንደ አዲስ ሲነሣ፣ ገና ምንም ሳይለካ ከተጠየቀ፣ ከፋብሪካ የተሰጠውን ቁጥር ይመልሳል፤ ሰማንያ አምስት ዲግሪ። ሁለተኛው ልኬት ትክክል ነው። እኔ ይህን ለዓመታት ስለማውቀው ጠረጴዛዬ ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ ልማዴ ሆኗል፤ እንደሚነገር ነገር አድርጌ አስቤው አላውቅም። የመምህሩ ፕሮግራም ደግሞ የታየውን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ ስክሪኑ ላይ ያቆየዋል፤ ያንን ከተከልነው በኋላ ኃላፊዋ ናቸው የጠየቁት። መካነ ሰላም መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ባትሪው ካለቀ፣ ሲመለስ መሣሪያው ይጮኻል፣ ስክሪኑም ሰማንያ አምስት ብሎ ይቀመጣል። ደንቡ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የተጠረጠረ መድኃኒት ለበሽተኛ አይሰጥም። ያንን ሁሉ ኢንሱሊን፣ ያንን ሁሉ የሕፃናት ክትባት አውጥተው ሲጥሉት ታየኝ።

ደወልኩ። ስልኩ አይገኝም። መልእክት ጻፍኩ፤ አልሄደም። ሌላ ጻፍኩ። የጤና ጣቢያውን መስመር ሞከርኩ። ጎረቤታችንን ሞከርኩ። ከዚያ እንደገና መምህሩን። አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ምን ሆነሻል? የሚቆረጠው እኮ የእኔ እግር ነው" አሉ።

ነገርኳቸው። ነገሩ ገባቸው፤ እንደገባቸው የማውቀው ከአልጋው ቀና ስላሉ ነው።

"ስልክ ባይሠራ መኪና ይሠራል" አሉ። "መናኸሪያ ሂጂ። በእኛ መስመር የሚነዳ አንድ ወፍራም ሰው አለ፤ እኔ ነኝ መሪ ያስያዝኩት። የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪው። ቃሉን አጭር አድርጊ፤ ሾፌር ረጅም ነገር አይዝም።"

መናኸሪያ ሄድኩ። ሰውየው ጎማ እየመታ አገኘሁት። አባቴን ስጠራለት ኮፍያውን አወለቀ። "መብራት ሲመለስ የሚመጣውን የመጀመሪያ ቁጥር አትመኑ፤ ለኮምፒውተሩ መምህር ንገርልኝ" አልኩት። ደግሞ እንዲለው አደረግሁት፤ ልክ አድርጎ አለው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከጎኑ እየሮጥኩ ሌላ ጊዜ ጮኼ ነገርኩት። ተሳፋሪዎቹ ሳይስቁብኝ አልቀሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጠበቅ ነው። አባቴ ቀዶ ሕክምና ሲገቡ በር ላይ ቆሜ ስለ እሳቸው እጨነቃለሁ፤ ወዲያው ሐሳቤ ወደ ፍሪጁ ያመልጣል፤ ስለ ፍሪጁ ማሰቤ ያሳፍረኝና ወደ አባቴ እመለሳለሁ። ሁለቱ ጭንቀቶች ተቀላቅለው የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር። አባቴ ሲነቁ መጀመሪያ ያሉት ነገር "ደረሰ?" ነው። ስለ መልእክቱ ነው የጠየቁኝ።

"አላወቅኩም፣ አባዬ።"

"ደርሷል" አሉና ተኙ።

ቁስሉ ሲሻላቸው ተመለስን። አባቴን ቤት አስገብቼ፣ ጎረቤታችንን አጠገባቸው አስቀምጬ፣ አቧራዬን ሳላራግፍ ወደ ጤና ጣቢያው ነው የሮጥኩት። ኃላፊዋ ፍሪጁ አጠገብ ነበሩ። ፍሪጁን ሳልጠይቅ ከፈትኩት። ብልቃጦቹ ቦታቸው ላይ ናቸው።

"መጀመሪያ አባትሽ እንዴት ናቸው አይባልም?" አሉኝ። ከዚያ አስቀመጡኝና የሆነውን ነገሩኝ፤ በመሀል መምህሩም መጥቶ የቀረውን ጨመረበት።

መልእክቱ ደርሶ ነበር፤ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። ወፍራሙ ሾፌር ኮሌጁ በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ "ልጅቷ የመጀመሪያውን አትመኑ ብላለች" ብሎ ሄደ። መምህሩ የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ጠፋው። የሰነዱን የመጀመሪያ ቅጂ መስሎት አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር ሲያመሳስል ዋለ። አንድም የረባ ልዩነት አላገኘም። "በልቤ ደሴ ላይ አብዳለች አልኩ" አለኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ከተማው ጨልሞ ዋለ፣ ባትሪው አለቀ። ሲመለስ መሣሪያው እሪ አለ። ኃላፊዋ ሰማንያ አምስት የሚለውን ሲያዩ ፍሪጁን ቆልፈው ወረፋ ላይ የነበሩትን በሽተኞች መለሱ፤ መምህሩንም አስጠሩት።

"ሰማንያ አምስት ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ብልቃጡን በእጅዎ መያዝ አይችሉም ነበር አልኳቸው" አለ መምህሩ።

"እኔ ደግሞ እሺ፣ ሰማንያ አምስት ውሸት ይሁን፤ እውነቱ ስንት ነበር? አልኩት" አሉ ኃላፊዋ። "ሃያ ዲግሪም እኮ ያበላሻል።"

መምህሩ ሰነዱን አወጣ። ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል የለበትም። መሣሪያውን ነቅሎ መልሶ ሰካው። መጀመሪያ ሰማንያ አምስት አለ፤ ወዲያው ደግሞ ስድስት። አሁንም ነቅሎ ሰካው። መጀመሪያ ሰማንያ አምስት፣ ቀጥሎ ስድስት። "የመጀመሪያውን አትመኑ!" ብሎ የጮኸው ያን ጊዜ ነው፤ ኃላፊዋ እንደነገሩኝ አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ደንግጣ ወጣች።

ኃላፊዋ ግን በዚያ ብቻ አልረኩም። ፍሪጁ ውስጥ የሚቀመጡትን የበረዶ ጥቅሎች አውጥተው አንድ በአንድ ነካኩ፤ መሀላቸው ገና ድንጋይ ነበር፣ አልቀለጡም። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን የመስታወት መለኪያም አዩ። በረዶው እንዳለ ከሆነ መድኃኒቱም ደኅና ነው ብለው ወሰኑና ፍሪጁን ከፈቱ። ከመለሷቸው በሽተኞች መካከል አንድ ሽማግሌ ግን ቆላ ድረስ በእግራቸው ሄደው ነበር፤ ቤታቸው የቀራቸው መድኃኒት እንደሌለ ኃላፊዋ ያውቃሉ። መምህሩ ብልቃጡን በቀዝቃዛ ሣጥን ይዞ በሞተር ብስክሌቱ ወረደ። መንገዱ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተልጧል፤ ሱሪውን ሰብስቦ አሳየኝ። "ሣጥኑን ግን ከፍ አድርጌ ይዤ ነው የወደቅኩት" አለ። ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። "አልሐምዱሊላህ" ብለው መረቁት፤ የተጠበሰ በቆሎም ሰጡት።

ከዚያ ሰነዱን ሰጠኝ። በሌለሁበት አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ "መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያ ቁጥር ሙቀት አይደለም። አይመኑት። ሁለተኛውን ይጠብቁ።"

ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ብጽፈው ከዚህ ሦስት እጥፍ ይረዝም ነበር። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ።

"ጥሩ ነው" አልኩት። "ግን ይሰረዛል።"

"ለምን? እኔ ስለጻፍኩት?"

"ድራይቨሩ ያንን ቁጥር ከነአካቴው ለማንም መስጠት የለበትም። አንተ አንብበኸዋል፤ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ላያነበው ይችላል። ሁሉም ሰው ማስታወስ ያለበትን ነገር ሰነድ ላይ ከምጽፍ እኔው ድራይቨሩ ውስጥ ልጨርሰው።"

ተከራከረኝ። ከመሣሪያው የመጣን ቁጥር መደበቅ ውሸት አይሆንም ወይ አለ። ረጅም ሰዓት ተጨቃጨቅን፤ ኃላፊዋ ሰልችቷቸው ወጡ። በመጨረሻ ድራይቨሩ ሲነሣ ሁለተኛው ልኬት እስኪደርስ "ገና አልለካሁም" የሚል የራሱ መልስ እንዲሰጥ አደረግን። መምህሩ ስክሪኑ ላይ "በመነሣት ላይ" ብሎ አሳየው። መስመሩን የሰረዘው ራሱ ነው፤ እኔ እንድሰርዘው አልፈቀደም።

የኃላፊዋ ጥያቄ ግን አልቀረልኝም፤ እውነቱ ስንት ነበር? ባትሪው ካለቀበት ሰዓት እስከ መብራቱ መመለስ ድረስ ፍሪጁ ምን እንደነበረ መሣሪያዋ አታውቅም፤ ምንም ዓይነት ድራይቨር ብጽፍላት ልታውቅ አትችልም። ትልቅ ባትሪ ብገዛላትም አንድ ቀን ከእሱ የበለጠ የመብራት መጥፋት ይመጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ ውስጥ መሣሪያዬ ስለማትችለው ነገር አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ከምን እስከ ምን ሰዓት ሞታ እንደነበረች የሚነግር መልስ ድራይቨሩ ላይ ጨመርኩ፤ በዚያ ሰዓት ስለነበረው ሙቀት ግን ምንም አይጠይቁኝ፣ በረዶውን ይንኩ አልኩ። ኃላፊዋ ያንን ገጽ አሳትመው ፍሪጁ ላይ ለጠፉት። ከጻፍኩት ሁሉ ሰው ሲያነበው ያየሁት እሱን ነው።

ኔትወርክ ሲመለስ የደሴዎቹ መልእክቶቼ በሙሉ መምህሩ ስልክ ላይ ባንድ ጊዜ ወረዱ። ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነበር። "አትመን!" "እባክህ አትመን!" "የመጀመሪያውን!" እያሉ ስልኩን ሲያንቀጠቅጡት ተማሪዎቹ ፍቅረኛው የከዳችው መስሏቸው ከንፈር መጠጡለት።

አባቴ አሁን በከዘራ ይሄዳሉ። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ይወርዳሉ፤ እዚያ ያሉ ወጣት ሾፌሮች ወንበር ያወጡላቸዋል። መርፌያቸውን ሳይተዉ ይወጋሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ስለምቆምባቸው ነው። አለቃዬ መቼ እንደምመለስ ይጠይቀኛል፤ በየወሩ "በሚቀጥለው ወር" እላለሁ። መምህሩ ለተጨማሪ ትምህርት ባሕር ዳር ሄዷል።

ባለፈው ሰሞን ከወግዲ አንድ ጤና ጣቢያ እንደዚያው ዓይነት መሣሪያ ጠየቁን። ይዤ ሄድኩ። ፕሮግራሙን እዚያ የሚይዘው የወረዳው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። ሰነዱን ሰጥቼው፣ እንዳልረብሸው ብዬ ውጭ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል፤ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ዞርኩት፣ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ሲያነብ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ገጽ ገለጠ። ቆመ። ወደ ኋላ መለሰ። ገብቼ "የቱ ጋ ነው?" ልለው እግሬ ሄደ፤ መልሼ ያዝኩት።

በመጨረሻ ራሱ ብቅ አለ።

"እህቴ" አለኝ፤ ጣቱን መስመሩ ላይ እንዳደረገ ነው። "እዚህ ላይ አዲስ ልኬት እስኪደርስ ይጠብቁ ይላል። ባይደርስስ? እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?"

አሰብኩ። መምህሩ አንድም ቀን ይህን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጻፍኩትም። ወረቀቱን ተቀብዬው ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።